ወደ ውጭ የዞረው ማራገቢያ

«አንቺ ያራገብሽለት ነሽ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ፊቴ ቆሞ የተናገረኝ ሙጃሂድ ነው። ዛሬ ጧት፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በምሠራበት የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሱቅ ውስጥ፣ ሦስት ደንበኞች ቆመው እየሰሙ። አንደኛው ደንበኛ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ኮምፒውተር አየት አድርጎ «ይሄ አሮጌ ሣጥን በዚህ ሙቀት ቀኑን ሙሉ እንዴት ይሠራል? የማን ሥራ ነው?» ሲል ጠየቀ። «የኔ» አልኩት። ሙጃሂድ ሳቀና ያንን ተናገረ። በዚያ ላይ ከነገ ጀምሮ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው እንደሚቀመጥ፣ እኔ ደግሞ ሻይ እያፈላሁ ሱቁን እንደማጸዳ አከለበት። የሱቁ ባለቤት አጎቱ ዓም ሲዲግ አርጅተው ወደ መንደራቸው ስለገቡ፣ ካለፈው ሳምንት ወዲህ አዛዡ እሱ ነው።

መልስ አጥቼ አላውቅም። እናቴ «ምላስሽ ካንቺ ቀድሞ ነው የተወለደው» ትለኝ ነበር። ግን ማመልከቻ የምጽፍለት ሰውዬ ፊቴ ቆሟል፣ ገና አንድ ገጽ ይቀረዋል። ጣቶቼ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚወጣው ሙቅ ነፋስ የቀኝ ክንዴን እንደ ወትሮው ይልሰኛል። እሱ ነፋስ ነው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የወሰደኝ።

ካርቱም ስገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኮምቦልቻ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ነበረው፤ ቁልፉ ግን ኪሳቸው ውስጥ የሚኖር አንድ ሰው ነበሩ፤ «ታበላሹታላችሁ» እያሉ ሁለት ዓመት ሙሉ በመስኮት አሳዩን። ያ መስኮት ሆዴ ውስጥ ቀርቷል። ካርቱም የጠራችኝ አክስቴ ሀዋ ቡሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሪያድ ሰፈር፣ ማዳም ኢልሃም ከምትባል ሴት ቤት ሥራ አስገባችኝ። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ እዚያው አድራለሁ፣ ዓርብ ቡሪ እመጣለሁ።

የማዳም ኢልሃም ልጅ ለትምህርት ውጭ ሲሄድ፣ ፈታቶ የተዋቸው የኮምፒውተር ዕቃዎች በካርቶን ተሞልተው ዕቃ ቤት ቀርተው ነበር። አንድ ቀን «ይሄን ሁሉ ቆሻሻ ጣዪው» አለችኝ። «ልውሰደው?» አልኳት። «ምን ሊያደርግልሽ?» «ልገጣጥመው።» ልትጠይቃት የመጣች ጓደኛዋ እንድትሰማው ጮክ ብላ ደገመችውና ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ይሳቁ። ካርቶኑን ወሰድኩ።

አራት ዓርብ ፈጀብኝ። ከስልኬ ላይ ቪዲዮ አያለሁ፣ አቆማለሁ፣ አንድ ብሎን አስራለሁ፣ ደግሞ አያለሁ። የጎደለውን ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች እየለቃቀምኩ ሞላሁ። አክስቴ ሀዋ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ተዕሚያ፣ የሽምብራ ጥብስ፣ በዳቦ እየበላች ትታዘበኛለች። ኮምፒውተሩ በርቶ ስክሪኑ ሰማያዊ ሲሆን ዕልል አለች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ። ስነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል።

«ሞቀው» አልኳት።

«እሱን ብቻ ነው የሞቀው?» አለች፣ በሻርፗ ጫፍ አንገቷን እየጠረገች። «ካርቱም ነው እኮ ያለው!»

ማራገቢያ እንደሚያስፈልገው ከቪዲዮው ገብቶኛል። የማሽኑ አንጎል የሚሉት ፕሮሰሰር ላይ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ነበረች፤ እሷ ብቻዋን አልቻለችም። ኤሌክትሪክ ከሚያድሉት፣ ከሁለት የተቃጠሉ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዮች የዘንባባ ቅጠል የምታህል፣ አይደለም አጋነንኩ፣ የመዳፍ ስፋት ያላቸው ሁለት ማራገቢያዎች ነቀልኩ። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ አሰርኩ። ሁለቱንም ወደ ውስጥ አዞርኳቸው። ነፋስ በበዛ ቁጥር ይበርዳል ብዬ ነዋ! እኛ ቤት መርወሃ ማለት ፊት ላይ የሚነፍስ ነገር ነው። ወደ ግድግዳ ዞሮ የሚነፍስ መርወሃ የት ታይቶ ያውቃል?

አክስቴ አልቀበል አለች። «ለዕቃ ሁለት መርወሃ! እኔ ሃያ ዓመት ስጠበስ ማን አራገበልኝ?»

«አንቺ አትጠፊማ።»

«ሂጂ ወዲያ፣ ባለጌ!» አለችኝ፤ ግን ማሰሪያ ሽቦ ያቀበለችኝ እሷ ናት።

በዚያው ዓርብ ሀቡብ መጣ። ሀቡብን ላላየ ሰው፦ ቡናማ ግድግዳ ከበረሃ ተነሥቶ ከተማውን ይውጠዋል። ዛፉ ይጠፋል፣ ጎረቤት ይጠፋል፣ ጥርስህ መሐል አሸዋ ይንቀጫቀጫል። የቡሪ ሴቶች ምን እንደሚያደርጉ ያውቁበታል፤ ጨርቅ አርሰው በበር ሥር ይወትፋሉ፣ መስኮት ይለጥፋሉ። «ቀዳዳ ያየሽበትን ሁሉ ድፈኚ!» ትላለች አክስቴ እየተሯሯጠች። እኔም ደፈንኩ። ከቤቱ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ደፈንኩት። ሁለቱ ማራገቢያዎች ባሉበት የስቶኪንግ ጨርቅ ወጥሬ፣ የቀረውን ቀዳዳ ሁሉ፣ ከላይ ከታች ከኋላ፣ በፕላስተር ለጠፍኩት። ዝንብ አይገባበትም። ኮራሁ።

ዓም ሲዲግ የሚጽፍላቸው ሰው እንደሚፈልጉ የሰማሁት ያኔ ነው። ኮምፒውተር ይዞ ለሚመጣ ወንበር አለ፤ ዐረብኛም አማርኛም የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ እሰየው፣ አበሻው ሁሉ ለወረቀት ጉዳዩ እዚያ ነው የሚሄደው። የዐረብኛውን ፊደል ከመድረሳ ይዤ መጥቻለሁ፣ መተየቡን ደግሞ በስልኬ ለምጄዋለሁ። አሞኛል ብዬ ከማዳም ኢልሃም ግማሽ ቀን አስፈቀድኩና ኮምፒውተሬን በአንሶላ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ላይ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌ ሄድኩ። ዓም ሲዲግ ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሣጥኑን ዞር ዞር እያሉ አዩት።

«ልጄ፣ ከጧት እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሳይጠፋ ከሠራ ወንበሩ ያንቺ ነው። ከጠፋ ግን ደንበኞቼን አላስለቅስም።»

ያኔ የሱቁ ቴክኒሻን ሙጃሂድ ነበር። ሁሉም «ባሽመሃንዲስ» ይለዋል፤ መሐንዲስ ሆይ እንደ ማለት ነው። ሣጥኔን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። «ይሄ ያለ ኤሲ አይሆንም። ጊዜሽን አታጥፊ።»

ቀትር ሳይደርስ ጠፋ። አበራሁት፣ ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ ስሞክር ሙጃሂድ ፉሉን በዳቦ እየጠረገ «ተዪው፣ ይተኛበት! እሱም እንደ ሰው ቀትር ላይ ማሸለብ ይወዳል» አለ። ሱቁ ሙሉ ሳቀ። ፊቴ ከኮምፒውተሩ በላይ ጋለ።

«ነገ ተመልሼ እመጣለሁ» አልኳቸው ዓም ሲዲግን።

«ነገስ ምን ሊለወጥ?»

«እሱን ነገ ያዩታል።»

ምን እንደሚለወጥ በአላህ ስም አላውቅም ነበር።

ሣጥኑን ቡሪ አስቀምጬ ከሰዓት ሪያድ ተመለስኩ። ማዳም ኢልሃም እንግዳ ስላለባት ለወጡ አንድ ድስት ሙሉ ሽንኩርት እንዳቁላላ አዘዘችኝ። ውጭ አቧራው ገና አልሰከነም፤ በሩንም መስኮቱንም ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ማማሰል ያዝኩ። ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ጭስ የሚስብ ማራገቢያ አለ፤ ሸፋጥ ይሉታል። ይጮኻል፣ ይሽከረከራል፤ ጭሱ ግን ከጣራው ሥር እንደ ተኛ ነው። ዓይኔ ተቃጠለ። ማዳም ኢልሃም አፍንጫዋን ይዛ ገባች።

«አንቺ ልጅ፣ አፍነሽ ልትገድይኝ ነው? መስኮቱን ክፈቺው!»

«አቧራ ይገባል፣ ሸፋጡም በርቷል።»

«ሁሉን ዘግተሽበት ሸፋጡ ምኑን ይሳብ? አየር ከየት ያምጣ?»

መስኮቱን አንድ ስንዝር ከፈትኩት። ጭሱ በአንዴ አልጠፋም። መጀመሪያ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ እንደ ተጠራ ሰው ታጥፎ ወደ ሸፋጡ ሄደ። አየሩ ከመስኮቱ ገባ፣ በምድጃው ላይ አለፈ፣ ጭሱን ይዞ በሸፋጡ ወጣ። መንገዱን በዓይኔ አየሁት። ማማሰያውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ሽንኩርቱ አረረ። ማዳም ኢልሃም ስለ ሽንኩርቱ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ እኔ የማየው ፕላስተር የለጠፍኩበትን ሣጥን ነበር። ሁለት ማራገቢያ ወደ ውስጥ፣ መውጫ የለም። ያንን ምስኪን እኔው ነኝ ያፈንኩት።

«ዛሬ ቡሪ አድራለሁ፣ ነገም አልመጣም» አልኳት።

«ዛሬ ታመምሽ፣ ነገ ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው? ነገ ካልመጣሽ ከነገ ወዲያም አትምጪ።»

«እሺ።»

እንደዚህ ቶሎ እሺ እላለሁ ብላ አልጠበቀችም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠበቅሁም። ልብሴን በፌስታል ከትቼ ወጣሁ። አክስቴ ሀዋ ስትሰማ ራሷን ያዘች፤ «የሰው ልጅ ለቆርቆሮ ብሎ እንጀራውን ይረግጣል?» አለች። እራቴን ከፊቴ አኑራ ተኛች።

ጎሕ ሲቀድ ግቢ ወጥቼ ተቀመጥኩ፤ በዚያ ወር ካርቱም ውስጥ ሰው የሚያስብበት ሰዓት እሱ ብቻ ነው። ፕላስተሩን ከኋላ ላጥኩት። የኋላውን ማራገቢያ ፈትቼ ፊቱን ወደ ውጭ አዞርኩት። የፊቱ ከታች ያስገባል፣ የኋላው ከላይ ያስወጣል። አቧራ እንዳይገባ ስቶኪንጉን መግቢያው ላይ ብቻ ተውኩት። አብርቼው፣ ከሻርፔ አንድ ክር መዝዤ ከኋላ ብይዘው ክሩ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ጨፈረ። ቀና ስል አክስቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን አደረግሽው?»

«ወጥ ቤት አደረግሁት።»

ሚኒባሱ ድረስ አንዱን ጫፍ ይዛልኝ ሄደች።

ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ከወንበሩ የተነሣሁት ለሽንት ብቻ ነው። ስጽፍ፣ ሳትም፣ ስጽፍ ዋልኩ። ቀትር አለፈ። ሙጃሂድ በየሰዓቱ እየመጣ ያያል፤ በመጨረሻ እጁን ከኋላ አስገብቶ «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች! እሳት እየተፋ ነው፣ ሊቃጠል ነው፣ አጥፊው!» ብሎ ጮኸ።

«የወጣ ሙቀት ነው የነካህ» አልኩት። «ውስጥ ቢቀር ይሻልህ ነበር?»

ዓም ሲዲግ ለውዱእ፣ ለሶላት ሊታጠቡ፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ መጡ። እሳቸውም እጃቸውን ከኋላ አደረጉ፣ ቀጥለው ፊቱን ነኩት። ፊቱ ቀዝቃዛ ነበር። የዐስር አዛን ከዳር እስከ ዳር ሲጠራ ስክሪኑ እንደበራ ነው። «ነገ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ነይ» አሉኝ፤ ዞረውም የወንድማቸውን ልጅ «ሌሎቹንም እንደሷ አድርጋቸው፣ ባሽመሃንዲስ» አሉት። እሱም አደረጋቸው። ሱቁ ውስጥ ያሉት አራት ኮምፒውተሮች የኋላ ማራገቢያቸው እስከ ዛሬ በኔ አስተሳሰር ነው የታሰረው፤ ሙጃሂድ ግን ስለ ማራገብ ሲያወራ ይህ ትዝ አይለውም።

የሰውዬውን ማመልከቻ ጨረስኩ። አትሜ ሰጠሁት፣ አመስግኖኝ ሄደ። ሙጃሂድ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። መልሼ ወደሱ ገፋሁለት። ሰው ከገባበት የሚወጣበትን አስቀድሞ ማየት አለበት፤ ይህን ያወቅሁት ከሽንኩርት ጭስ ነው።

ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። ማራገቢያዎቹ ዘግየት፣ ዘግየት እያሉ እስኪቆሙ ጠበቅሁና ሽቦውን ነቀልኩ።

«ወዴት?» አለ ሙጃሂድ። «እሱ የሱቁ ዕቃ ነው። ሰባት ዓመት እዚህ ነው የኖረው።»

«እኔም ሰባት ዓመት እዚህ ነው የኖርኩት። እኔንም ዕቃ ልታደርገኝ ነው?»

ቆመው ከሚጠብቁት ደንበኞች አንዷ፣ የወሎ ሴት ናት፣ ሳቋን በሻርፗ ያዘችና በሩን ከፈተችልኝ። ሣጥኑን አቅፌ ወጣሁ። ረክሻ፣ የኛን አገር ባጃጅ፣ አስቆምኩና ጀርባውን ወደ ውጭ አድርጌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«ወዴት ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ቡሪ። ያላ!»