ሦስት ስፒል በከንፈር

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ፣ በየጠዋቱ ልጇ መጽሐፍ ስትገልጥ ሦስት ስፒሎች በከንፈሯ ትይዛለች። የምትሰካበት ጨርቅ ግን የለም። የስፌት መኪናው ቆሟል፤ መቀሱም መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ስፒሎቹ ለአፏ ናቸው።

ልጅቷን ፌንጣ ይሏታል። እግሯ ታሞ ዓመቱን ሙሉ ቤት ውስጥ በአንድ እግሯ ስትዘል ስለከረመች የወጣላት ስም ነው። ትምህርት ቤቱ፣ አይታው የማታውቀውን አንድ ገጽ ካነበበች ከእኩዮቿ ጋር ሁለተኛ ክፍል እንደምትገባ፣ ካልቻለች ግን ከትንንሾቹ ጋር ከአንደኛ እንደምትጀምር ነግሯቸዋል። ስለዚህ እናቷ ቤት ውስጥ ታስተምራታለች፤ ትፈትናታለችም። ለተሳተ ቃል ሁሉ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ አንድ ጭረት ታሰምራለች።

ቀሚሴን ላሳጥር የሄድኩ ቀን ጠረጴዛው ላይ አንድም ጭረት አልነበረም።

«እስቲ አንቺ ደግሞ ስሚልኝ» አለችኝ። «ለእናት የማይጎብዝ ልጅ የለም።»

ፌንጣ ገጹን እንደ ውኃ ጠጣችው። ዓይኗ ግን ገጹ ላይ አይቆይም፤ በየቃሉ ብድግ እያለ የእናቷ አፍ ላይ ያርፋል። እናትየው ሳይታወቃት ቃሉን ሁሉ በከንፈሯ ትለው ነበር።

«እትዬ» አልኩ እንደምንም። «ከንፈርዎ…»

«ከንፈሬ ምን ሆነ?»

«አብሮ ያነባል።»

ፌንጣ ሳቀች። «እኔማ አውቃለሁ። እማዬ ሲደክማት እኔም እሳሳታለሁ።»

እናቷ አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «በይ ድገሚው» አለች። ፌንጣ አራት ቃል እንዳነበበች ቆመች። ገጹ ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ጭረት ነበር።

እናትየው ጭረቶቹን ትክ ብላ ስታይ ቆየች። «ይሄን ሁሉ ቀን ስፈትን የነበረው ራሴን ነው በይኛ» አለች። «ደግነቱ አልፌያለሁ።»

ስፒሉ የመጣው በማግሥቱ ነው። ልብስ መስፋት ከተማረችበት ቀን ጀምሮ ስፒል ከንፈሯ ላይ ካለ አፏ አይነቃነቅም።

«እማዬ፣ ይሄ ምን ይላል?» ትላለች ፌንጣ።

«ህም» ትላለች እናት።

«እዚህ ጋ ህም የሚል የለም።»

ጭረቱ ወደ ስምንት ወረደ፤ አዲስ ገጽ ሲመጣ ተመልሶ አሥር ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት አራት ደረሰ። ፌንጣ እያለቀሰች ያነበበችበት ቀን ነበር፤ ስፒሎቹ ግን ከቦታቸው አልተነሡም።

የፈተናው ዕለት እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። መምህሯ እኔንና እናትየውን ከፌንጣ ፊት ለፊት አስቀመጠችን። ስፒሎቹ ቤት ቀርተዋል፤ እናትየው አፏን በመዳፏ ሸፈነች። ፌንጣ ቀስ እያለች፣ ፊደል በፊደል፣ እስከ መጨረሻው አነበበች። ሁለት ቃል ሳተች። አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት።

ይህን ልጽፍ ስጠይቃት እናቷ ሁሉንም ፈቀደችልኝ። «አንዷን ነገር ብቻ ተያት» አለችኝ። «ልጅቷ እኮ አሁን ማንበብ ትችላለች።»

የፈተናው ገጽ አራተኛ መስመር ላይ ፌንጣ አንድ ቃል ይዟት ቆመች። መምህሯ እስክሪብቶዋን አነሣች። ያን ጊዜ እናትየው መዳፏን ከአፏ አውርዳ፣ ቃሉን ያለ ድምፅ፣ አጥርታ በከንፈሯ አለችው።

ፌንጣ ግን ቀና አላለችም። ጣቷን ከቃሉ ሥር እንዳደረገች ጥቂት ቆየች፤ ከዚያም ራሷ አነበበችው።