አፋፉ ላይ የቀረው መኪና

ሥርጉት ዳኘው የመኪና ፍሬን መፈተሽ የጀመረችው ገና በወጣትነቷ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ጋራዥ ተቀጥራ ከመኪና ሥር ስትገባና ስትወጣ መንገደኛው ቆሞ ይስቅባት ነበር። ኋላ የመንግሥት ሥራ ገብታ የተሽከርካሪ መርማሪ ስትሆን ሳቁ ቀረ። መኪናውን ዞራ ታያለች፣ ከሥሩ ትገባለች፣ ወጥታ እጇን እየጠረገች «ይሄዳል» ወይም «አይሄድም» ትላለች። አንዴ ካለች በልመናም በቁጣም የመለሳት ሹፌር አልነበረም።

ታናሽ እህቷን ንግሥቴን ያሳደገቻት እሷ ናት። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ንግሥቴ ገና የወተት ጥርሷን አልጣለችም ነበር። ሥርጉት አስተማረቻት፣ ዳረቻት። ባሏ ደረሰ ከቡሬ በታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ፣ ሸምበቆ ሜዳ የሚባል መንደር የሚያርስ ጨዋ ሰው ነው። ወደ ደጋ ሲወጣ ማር ሳይዝላት አይመጣም፤ እንደ ሚስቱ እሱም «እታለም» ነበር የሚላት። ሥርጉት የራሷ ልጅ ስለሌላት ዓመት በዓሉን ሁሉ የምትውለው እነሱ ቤት ነበር።

እሳቱ የተነሣው በመጋቢት ነው። ማር ቆራጭ ነው የለኮሰው ያለ አለ፣ ከሰል አክሳይ ነው ያለም አለ። ማንም ይለኩሰው፣ ሣሩ እንደ ጭድ ደርቆ ስለነበር ጫካውን ጨርሶ ወደ መንደሮቹ ዞረ። ከቡሬ ሆኖ ወደ ታች ለሚያይ ቆላው በሙሉ ጭስ ነበር። ገበሬው በቅጠልና በአፈር ታገለ፤ አልሆነም። ከሩቅ ከተሞች የእሳት አደጋ መኪና ተለምኖ ሁለት ተላኩ።

ወደ ዓባይ የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ክፉ ነው። ከዓመታት በፊት ነዳጅ የጫነ ቦቴ ፍሬን እምቢ ብሎት ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ላይ ወጥቶባቸዋል። ስለዚህ መንገዱን የማያውቁት እንግዶቹ መኪናዎች ከመውረዳቸው በፊት አፋፉ ላይ ይፈተሹ ተባለ፤ ሥርጉትም ከፍኖተ ሰላም ተጠርታ በጠዋት ደረሰች።

የመጀመሪያው መኪና ደህና ነበር፤ «ይሄዳል» አለች፣ ወረደ። ሁለተኛውን የሚነዳው ይታገሱ የሚባል ቀጭን ሰው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አድሮ ዓይኑ ደም መስሏል። ሥርጉት ጎማው ሥር ታኮ አስገባችና ፍሬኑን ረግጦ እንዲይዝ ነገረችው። የአየር መለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ወረደ። እንደገና አስረገጠችው፤ እንደገና ወረደ። ከሥር ገብታ የሳሙና አረፋ ስትቀባው የኋላው ቀኝ ጎማ ፍሬን ላይ አረፋው ይንፈቀፈቅ ጀመር። ፍሬኑን የሚያስይዘው አየር እዚያ ጋ ያመልጣል ማለት ነው።

ወጥታ «አይሄድም» አለች።

ይታገሱ በከባድ ማርሽ ቀስ እያልኩ ልውረድ ብሎ ለመናት። የውኃው ክብደት ከማርሹ ይበልጣል፣ ኩርባው ላይ ስትደርስ አይቆምልህም አለችው። ውኃውን ደፍቶ ባዶውን ይውረድ ያለም ነበር። በዚያ ፍሬን ባዶውንም አላምነው፣ ደግሞም ውኃ የሌለው መኪና ታች ምን ሊያደርግ ነው አለች። ከፍኖተ ሰላም መለዋወጫ እንዲመጣ ስልክ ተደወለ።

መንገድ ሊመሩ ከሸምበቆ ሜዳ የወጡ የድጓ መምህር፣ የኔታ ኪዳነ ማርያም፣ ሁሉን ቆመው ሲያዩ ቆይተው ጠጋ አሏት። ነጠላቸው ጠቁሯል፣ ሲናገሩ ያስላቸዋል።

«ልጄ፣ ታች ያሉት ያንቺም ሰዎች ናቸው» አሏት። «ደረሰም ከእሳቱ ፊት ነው ያለው።»

«አውቃለሁ፣ የኔታ።»

«ታዲያ እያወቅሽ?»

«የቆላው ሰው ልጁንና ከብቱን ይዞ በዚሁ መንገድ እየወጣ ነው። ይህን መኪና ብለቀው እነሱ ላይ ነው የሚሄደው።»

የኔታ ዞር ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ይታገሱ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ጭሱን ያይ ጀመር።

በዚያ ሰሞን በጸጥታው ችግር መንገድ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በዚያም ቀን ከፍኖተ ሰላም የሚመጣው እሷ ካለፈች በኋላ ተዘግቶ እስኪከፈት ቀትር አለፈ። መለዋወጫው በሞተር ብስክሌት ሲደርስ ሥርጉት መካኒኩን አልጠበቀችም፤ አብራው ከሥር ገብታ ገጠመች። ፍሬኑን አስረግጣ መርፌው ባለበት ሲቆም «ይሄዳል» አለች። ድምጿ እንደ ጠዋቱ አልነበረም።

ታች የሆነው ግን ቀድሞ ሆኗል። የመጀመሪያው መኪና ውኃውን ጨርሶ ሊቀዳ ወደ ወንዝ እንደ ሄደ ነፋሱ ዞረ። ደረሰና ገብረ ኢየሱስ የሚባል ወጣት ዲያቆን በሸለቆው በኩል እሳቱን እየመለሱ ሳለ ከኋላም ከፊትም ገጠማቸው። የይታገሱ መኪና ሲደርስ ቤቶቹ ግድግዳ ብቻ ቀርተው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ግን መኪናው አዳነ። ሁለቱ ሰዎች የተገኙት እሳቱ ከበረደ በኋላ ነው፤ ማን ማን እንደሆነ የተለየው ዲያቆኑ አንገቱ ላይ በነበረው የብረት መስቀል ነው።

ሥርጉት ለቀብር ወረደች። ሰዉ መንገድ ከፈተላት፤ የተቀበላት ግን የለም። ንግሥቴ ፀጉሯን ተላጭታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሥርጉት ልታቅፋት ስታጎነብስ በእጇ ከለከለቻት።

«እዚያ መሆኑን ታውቂ ነበር፣ ሥርጉት?» አለቻት። በስሟ ስትጠራት ያ የመጀመሪያዋ ነው።

«አውቅ ነበር።»

ይታገሱም ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ነበር። ተነሥቶ፣ በዚያ ፍሬን ብወርድ ኖሮ ዛሬ የምትቀብሩት እኔንና በመንገዱ የነበሩትን ነበር ብሎ ለሰዉ ተናገረ። ሰዎች አንገታቸውን ነቀነቁ። ንግሥቴ ሰምታ ስታበቃ «አንተስ እንኳንም ተረፍክ» አለችው፣ ያለ ክፋት። ከዚያ ፊቷን ሸፈነች። ሥርጉት ከድንኳኑ ውጭ ቆይታ ማታ ገደማ ወደ ደጋ ተመለሰች።

ለአርባው የላከችው እህል ሳይነካ ተመለሰላት። ንግሥቴ ልጆቿን ይዛ ወደ ቡሬ ወጥታ የእህል መጋዘን ውስጥ በቆሎ ማበጠር ጀመረች። ሥርጉት ለሥራ ቡሬ ስትመጣ አንዳንድ ጊዜ ከሩቅ ታያታለች፤ አትጠጋትም። ሥራዋን አልተወችም። የሥራ ባልደረቦቿ እንደሚሉት ግን አንዱን መኪና ሁለት ሦስት ጊዜ መፈተሽ አመጣች፤ «ይሄዳል» ለማለትም «አይሄድም» ለማለትም ትፈራለች።

በክረምቱ ሥርጉትን ታይፎይድ ጣላት። ማን እንደነገራት አይታወቅም፣ ንግሥቴ በሚኒባስ መጣች። በሩን ከፍታ ገባች፣ ልብሷን አጠበችላት፣ አጥሚት ሠርታ በማንኪያ አጠጣቻት። ትኩሳቱ እስኪለቃት አልሄደችም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከ«ጠጪ» እና ከ«ተኚ» በቀር ቃል አልወጣትም።

ልትሄድ ነጠላዋን ስትለብስ በሩ ላይ ቆመች።

«ያን ጊዜ መኪናውን ብትለቂው፣ ሳይገለበጥ ይደርስ ነበር?»

ሥርጉት አይደርስም ማለት ትችል ነበር።

«ይደርስ ይሆናል» አለች። «አላውቅም።»

ንግሥቴ ራሷን ነቀነቀች። ዝናቡ እስኪያባራ ደጁ ላይ ጥቂት ቆማ ወደ መናኸሪያው ሄደች። ሥርጉት አልጋዋ ላይ ሆና ኮቴዋ እስኪጠፋ አዳመጠች።