የደብዳቤው ጀርባ

እንጅባራ ውስጥ ከቤቴ ፊት ለፊት ቀርከሃ የሚሰነጥቁ ሰዎች አሉ። ዝናቡ አባርቶ ከቅዳሴ ስመለስ የእርጥቡ ቀርከሃ ሽታ እግሬን ይይዘዋል። ባደግሁበት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ጋሽ አንጁሎ ቤት ውስጥ የነበረው ሽታ ነው።

ጋሽ አንጁሎ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ከዶርዜ የወረዱ ሸማኔ። ቤታቸው ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት የተሠራ፣ ፊቱ እንደ ዝሆን ራስ ወጣ ያለ፣ በቆርቆሮዎቹ መሀል ብቻውን የቀረ ነበር። ከሟች ባለቤታቸው ጋር ሲገቡበት ረጅም ነበር አሉ። ምስጥ ከሥሩ እየበላው አጥሮ፣ እኔ ሳውቀው ጎንበስ ብለው ነበር የሚገቡት። «እኔም እሱም እያጠርን ነው፤ ማን ቀድሞ መሬት እንደሚገባ እናያለን» ይሉ ነበር። ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ሰደው ሲሸምኑ፣ ቆዳ የለበሰች ትንሽ ራዲዮናቸው ምሰሶው ላይ ተንጠልጥላ ታወራለች።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አዲስ ማስተር ፕላን መጣ ተባለ። ሜትር የያዙ ሰዎች የመንገድ ዳሩን ቤቶች በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉባቸው። የጋሽ አንጁሎ ግድግዳ ቀለም አልይዝ ስላለ በሩ ላይ ቀቡትና ደብዳቤ ሰጧቸው።

«አንብብልኝ እስቲ ልጄ» አሉኝ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ጥናት ረፍዶብኝ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ቆሜ አነበብኩላቸው። ከመንገዱ አምስት ሜትር ያልራቀ ቤት ይነሳል ይላል።

«ጀርባውስ? ጽሑፍ አለው።»

«ያው ነው ጋሼ፤ የፊቱን ነው የደገመው።»

ውሸቴን ነበር። አላየሁትም።

ፊታቸው በራ። «አምስት ሜትር ብቻ? ይሄ ቤት እኮ እግር አለው።»

በእነሱ አገር ምስጥ ያስቸገረው ቤት አይፈርስም፤ ሰው ተሰብስቦ ይሸከመዋል። በሳምንቱ ዘመዶቻቸው ከተራራው ወረዱ። የተበላውን ጠርዝ ቆርጠው፣ በሥሩ አግዳሚ እንጨት ሰደው፣ እየዘፈኑ እንደ መሶብ ክዳን አነሱት። «አማትህን ነው የተሸከምከው፣ ቀና በል እንጂ» ይለዋል አንዱ ሌላውን። ቤቱ ወደ ጓሮ ሰባት ሜትር ተራመደ። ጋሽ አንጁሎ በእርምጃ ለክተው፣ «ሁለቱ ለመንግሥት ምርቃት» አሉ።

ሰኞ ሰዎቹ መጡ። ባለ ሜትሩ በድሮው ቦታ የቀረውን ባዶ ክብ መሬት አየ።

«ማን አንሱ አለዎት?»

«ደብዳቤው።»

«ጀርባውን አላነበቡም?» ገልብጦ አነበበው። አሮጌ ቤት ያለው ተመዝግቦ ምትክ ቦታ እስኪያገኝ ቤቱን አይንካ። የነካ አዲስ ግንባታ እንደጀመረ ይቆጠራል፣ ምትኩም ይቀርበታል። በዋናው መንገድ ዳር ደግሞ የቀርከሃና የሣር አዲስ ቤት ክልክል ነው።

አጥር ሥር ቆሜ ነበር። ጋሽ አንጁሎ አዩኝ። ልጅቷ ናት አላሉም። «እኔ ማንበብ አላውቅም» ብቻ አሉ።

ያን ደብዳቤ ይዘው ስንት ቀን ቢሮ ደጅ ጠኑ። በመጨረሻ ባለ ሜትሮቹ ሰው ልከው ቤቱን በመጥረቢያ አስቆራረጡት፤ ጋሽ አንጁሎ እንዳይመለሱ ዶርዜ ያለው መሬትም ለወንድሞቻቸው ተከፋፍሎ አልቋል። ሰፈሩን ለቀው ሲሄዱ ወረቀቱን አጥፈው ሰጡኝ። «ስታድግ ጀርባውን ታነባለህ» አሉኝ። ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

መንገዱ ዳር ብሎኬትና ቆርቆሮ ተሰለፈ፤ ከተማችን አማረች ተባለ። የቀርከሃና የጭቃ ቤት የነበራቸው ወደ ዳገቱ ተገፍተው ያለ ፈቃድ ጎጆ ቀለሱ፤ ቀዩ ቀለም እዚያም ተከተላቸው። ጋሽ አንጁሎ የመጀመሪያውን ክረምት አልጨረሱም። ዳገቱ ላይ፣ ላስቲክ ሥር ሞቱ።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። ዘንድሮ ደግሞ፣ «በጸሎት እንዲታሰቡልሽ የክርስትና ስማቸውን አምጪ» አሉኝ። ወረቀቱን ከመዝሙረ ዳዊቴ ውስጥ አውጥቼ ፊቱንም ጀርባውንም፣ እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበብኩ። ያለው የዓለም ስማቸው ብቻ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ጎረቤት ሆነን፣ ጠይቄያቸው አላውቅም።