በማህበራችን ስም ሲደወል

ማህበራችን አዲስ አባል የሚያስገባው በእግሩ ሄዶ ነበር። ማሾና ሽንኩርት የምናመርት፣ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለን የቀወት ገበሬዎች ነን። የጭነት መኪና አብረን እንከራያለን፣ የመስኖውን ውሃ በተራ እንጠብቃለን፣ ነጋዴ ዋጋ ሊሰብርብን ሲመጣ አንድ ላይ ቆመን እንነጋገራለን። አንድ ሰው እንዲገባ ከፈለግን ሁለት ሦስት ሆነን ቤቱ እንሄዳለን። ጥላ ሥር አረፍ ብለን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ እናወራለን፤ የማህበሩን ነገር የምናነሳው ልንነሳ ስንል ነው። ሰውየውም በዚያው ቀን እሺ አይልም። ሰነባብቶ በራሱ ጊዜ መጥቶ ይጠይቀናል። ሲጠይቅ ገባ ማለት ነው።

እኔ የማህበሩ ጸሐፊ ነኝ። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ማሳውን ራሴ ስለያዝኩ ከወንዶቹ እኩል ስብሰባ እቀመጣለሁ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች ተብሎ ደግሞ ጽሕፈቱ ተሰጠኝ። ሰብሳቢያችን አባቴ የሚሆኑ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ሲናገሩ ቀስ ይላሉ፤ ሲቆጡም እንደዚያው ናቸው።

በእግር መሄዱ ጥሩ ነበር፣ ግን አላዋጣን አለ። በዚያ አካባቢያችንን ባመሰው ግጭት ጊዜ ብዙ ሰው ከቀዬው ተበትኗል፤ የተመለሰውም እንደ ድሮው አያርስም። መኪናችን ሳይሞላ መሄድ ጀመረ። ጎደሎ ጭነት ይዞ አዲስ አበባ የገባ ገበሬ ደግሞ ነጋዴው በቆረጠለት ዋጋ ሸጦ ከመመለስ በቀር ምርጫ የለውም። ሰው ያስፈልገን ነበር፣ ቶሎም ያስፈልገን ነበር።

ይኼኔ ነው ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት የመጣው። ስልክ እየደወለ ለየድርጅቱ ደንበኛና አባል የሚያመጣ ቢሮ አለው። ሰብሳቢያችን ግቢ፣ ማንጎው ሥር፣ ኮሚቴውን ሰብስበን አዳመጥነው። የሸዋ ሮቢት ሙቀት አልሆነለትም፤ ላቡን ይጠርጋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ እንደገና ይጠርጋል። ትሑት ልጅ ነበር፣ ሁሉንም ተነስቶ ነው የጨበጠው።

«እናንተ እርሻችሁን ሥሩ፤ መደወሉን ለኛ ተዉት» አለን። «ክፍያችን ባስገባነው ሰው ልክ ነው። ካላስገባን ምንም አንጠይቅም።»

ከኮሚቴው መሃል እትዬ የምንላቸው አንዲት አዛውንት ነበሩ። ብዙ አይናገሩም።

«ሲደውሉ ማን ነን ይላሉ?» ብለው ጠየቁት።

«ከማህበሩ ነው የምንደውለው ይላሉ፣ እማማ።»

«እንግዲህ ልጄ፣ የደወለው ሰው ያጠፋ እንደሆነ የሚታማው ማነው?»

ልጁ ፈገግ አለ። «አያጠፉም። የሚናገሩትን ጽፈን ነው የምንሰጣቸው።»

እጅ ይውጣ ሲባል ሁላችንም አወጣን። የእትዬ እጅ ብቻ ሻርፓቸውን ያስተካክል ነበር። ከዚያ የዘመድና የጎረቤት ስልክ ከየቤቱ ተሰብስቦ ለልጁ ተሰጠ። ስልክህን ልስጥልህ ወይ ብሎ ባለቤቱን የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም፤ ማናችንም ነገሬ አላልነውም።

የጥሪው ወሬ መጀመሪያ የደረሰኝ ካራቆሬ ካሉት አክስቴ ነው። ራሳቸው ደወሉልኝ፤ ይሄም ብርቅ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ አንዲት ሴት ደውላ ስሜን ከነአባቴ ጠራችኝ» አሉኝ። «አሰላሙ አለይኩም አለች፣ መለስኩላት። ከዚያ እኔን ሳትሰማ ወሬዋን ቀጠለች። ደህና ነሽ ወይ፣ ቤት እንዴት ነው የለ!»

«ከማህበራችን ናት አክስቴ፣ አይስጉ።»

«ከናንተ ከሆነ አንቺ ለምን አልደወልሽም?»

ሥራ በዝቶ ነው አልኳቸው።

«ነገም ደውላ የዙሁር ሶላት አላሰግድ ካለችኝ ወላሂ ስልኩን ጉድጓድ ነው የምጥለው» አሉና ዘጉት።

ነገሩን ለሰብሳቢያችን ነገርኳቸው። ሰምተው አሰቡ፤ ግን የሚደርሰን ወሬ ሁሉ መልካም ነበር። ዛሬ እነ እገሌ ገቡ፣ ዛሬ እነ እገሌ ገቡ ይባላል። ማህበሩ በአጭር ጊዜ እጥፍ ሆነ። መኪና የሚያስጭነው አባላችን ከአሁን ወዲያ ተሳቢ ያለው ነው የምንከራየው እያለ በየሻይ ቤቱ ይፎክር ነበር። እኛም አዲሶቹን ለማየት ጓጉተን ጠቅላላ ጉባኤ ጠራን።

ያን ቀን ሸዋ ሮቢት፣ ከስብሰባው አዳራሽ ደጅ ባጃጅ ተደርድሮ መግቢያ ጠፋ። ከቀወት ገጠር በእግራቸው የመጡ አሉ፣ ከካራቆሬና ከአጣዬ በሚኒባስ የመጡ አሉ። ሰብሳቢያችን ደስ ብሏቸው በር ላይ ቆመው ይቀበላሉ። እኔ ግን አንዲት ሴት ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፋ በብብቷ ይዛ ስትገባ አየሁና ግራ ገባኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«የማሾ ዘር በነፃ ይታደላል አይደል የተባለው?»

ከኋላዋ ያለው ጎልማሳ ተቀበላት። «እኔን ደግሞ የውሃ ፓምፕ ለየአባሉ ብለውኛል። ዛሬ ነው የሚሰጠው ወይስ በኋላ?»

ዘርም ፓምፕም አልነበረንም። ወደ ሰብሳቢያችን ሄጄ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ፣ ግን ሰው ተቀምጧል፣ ስብሰባው ተጀመረ። ገና ስለ መኪናው መናገር ሲጀምሩ ከኋላ አንድ ሰው ፈቃድ ጠየቁ። ከአጣዬ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ንጹሕ ሽርጥ በኮት ለብሰዋል፣ ባለቤታቸው ከጎናቸው ተቀምጠዋል።

«እኔ ብዙ አላስቸግራችሁም» አሉ። «ቤታችን በዚያ ጊዜ ተቃጥሏል። እስካሁን ልጃችን ዘንድ ተጠግተን ነው ያለነው። የደወለችልን ልጅ፣ ማህበሩ ቤቱ ለተቃጠለበት አባል ይሠራለታል አለችን። አላህ ይስጣችሁ። የመጣሁት ሥራው መቼ እንደሚጀመር ለመጠየቅ ነው።»

ከኮሚቴያችን አንዱ ብድግ ብሎ፣ «አባባ፣ እኛ እንደዚያ አላልንም፤ የቀጠርነው ድርጅት ነው...» ሲል ሰብሳቢያችን «ተቀመጥ» አሉት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከጠረጴዛው ኋላ ወጥተው ወደ ሰውየው ቀረቡ።

«ወንድሜ፣ ማህበራችን ቤት አይሠራም። ሠርቶም አያውቅ፣ አቅሙም የለው።»

«ታዲያ ልጅቷ ዋሸችኝ?»

«የተዋሸው በእኛ ስም ነው። ዋሾዎቹ እኛ ነን።»

ሰውየው ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ይሄን ቤቴ ሆኜ በሰማሁት ጥሩ ነበር» አሉ። «ለጎረቤት ሁሉ ተናግረን፣ ዱአ አስደርገን ነው የወጣነው።» ባለቤታቸው ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈን አደረጉ። ከዚያ ሁለቱም ተነስተው ቀስ ብለው ወጡ። ሰብሳቢያችን ስብሰባውን ለእኔ ጥለው ተከተሏቸው፤ ቤታቸው ወስደው ምሳ እንዳበሏቸውና እስከ መናኸሪያ እንደሸኟቸው በኋላ ሰማሁ። እኔ አዳራሹ ውስጥ ቀረሁ። በስልክ የገባችሁ መውጣት ከፈለጋችሁ ያዋጣችሁት ይመለስላችኋል አልኩ፤ ለመውጣት የተነሳው ሰው ለመግባት ከመጣው አላነሰም። ዘር ፈላጊዋ ሴት ማዳበሪያዋን ዘርግታ ደጅ ላይ ተቀምጣ ባጃጅ ስትጠብቅ አየኋት።

በዚያው ሳምንት ከሰብሳቢያችን ጋር አዲስ አበባ ወጣን። ቢሮው ፎቅ ላይ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ወጣቶች ተደርድረው ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራሉ። ማንጎው ሥር ያነጋገረን ወጣት አሁንም በትሕትና ተቀበለን። እንዲህ በሉ ብለን አልጻፍንላቸውም አለ፤ ወረቀቱን አሳየን፣ እውነትም የለበትም። ወደ አጣዬ የደወለችውን ልጅ እንዲጠራልን ለመንነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙ ያልቆየች፣ ቀጭን፣ ዓይኗ የደከመ ልጅ መጣች። ማን እንደሆንን ስትሰማ መቀመጥ ፈራች።

«ተቀመጪ ልጄ፣ ለጠብ አልመጣንም» አሏት ሰብሳቢያችን።

«ሰውየውን ታስታውሻቸዋለሽ?» አልኳት።

«አስታውሳለሁ። ዝም ይላሉ።»

«እንዴት ዝም ይላሉ?»

«እናገራለሁ፣ እናገራለሁ፣ ምንም አይሉም። የሰለቻቸው ይመስለኛል። ሰው ሊዘጋብኝ ሲል ደግሞ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ካልገቡ ለኔም ክፍያ የለኝም።» ጣቶቿን ታፍተለትላለች። «ቤታችን ተቃጥሏል አሉኝ፤ ወላሂ አዘንኩ። አይዞዎት፣ ማህበሩ ያግዝዎታል አልኳቸው። አሁንም ዝም አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ይሠራልዎታል አልኩ።»

ሰብሳቢያችን ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ልጅቷን ልቆጣት መጥቼ ነበር፤ ቁጣው አልመጣ አለኝ። «የኛ አገር ሰው ነገሩ ከከበደው ዝም ይላል» አልኳት። «አልዘጉብሽም ነበር። እያሰቡ ነበር።»

አቀረቀረች። «አሁን ደውዬ ይቅርታ ልጠይቃቸው?» አለች።

«አይ፣ ስልኩን ተይው» አሉ ሰብሳቢያችን። «የኛ ሥራ ነው። እንሄዳለን።»

ውላችንን አፍርሰን ወረድን። ልጁ ሊከራከረን ይችል ነበር፤ ፈርመናል፣ ደዋዮቹ ለሰው ምን እንደሚሉ እንስማ ብለንም አንድ ቀን ጠይቀን አናውቅም። ግን አልተከራከረም።

ያን በጋ በስልክ የገቡትን ሰዎች በየቤታቸው ስንዞር ከረምን፤ አንዳንዴ በባጃጅ፣ ባጃጅ በማይገባበት በእግር። ነገሩ እንደ ድሮው አልሆነም። በስልክ እያታለለ ሰው የሚዘርፍ ሌባ በበዛበት ዘመን የኛም ስም ከነሱ ተቀላቅሎ ነበር። አንዲት ሴት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ከዚያ ከሚደውለው ማህበር ከሆናችሁ ባለቤቴ የለም» ብላ ዘጋችብን፤ ባለቤቷ ግቢ ውስጥ እንጨት ሲፈልጥ ይሰማናል። ከጥንት ጀምሮ አባላችን የነበረ ሰውም፣ ዘመዶቼን አስነዘነዛችሁብኝ ብሎ ወጣ።

አክስቴም አባል ሆነው ተመዝግበው አገኘናቸው።

«እኔ? መቼ?»

«እሺ ብለዋታል አሉ።»

«እሺ ያልኳት እኮ እንድትተወኝ ነው!» አሉ። ሰብሳቢያችን ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ መጀመሪያ የሳቁት ያኔ ነው። አክስቴ ግን አልሳቁም። ስማቸውን አሰርዘው፣ ሻይ አጠጥተው ሸኙን።

አጣዬ ስንሄድ ሽማግሌው በልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ተቀበሉን። ሰብሳቢያችን ከአንዳንድ አባላት ጋር ተመካክረው ነበርና፣ በማህበሩ ስም ሳይሆን እንዲሁ በወንድምነት እንጨት እናምጣ፣ አንድ ክፍል በደቦ እናቁም አሏቸው።

ሰውየው መሬት መሬት እያዩ ቆዩ። ማናችንም አልተናገርንም። የሚኒባስ ረዳት ከአስፋልቱ ደሴ፣ ደሴ እያለ ይጣራል።

«ቤቱን ልጆቼ ይሠሩታል፣ ኢንሻአላህ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ የጨነቀኝ ሌላ ነው። ልጅቷ ያለችኝን አምኜ ለጎረቤቶቼ ተናገርኩ። ሁለቱ በእኔ ቃል ነው የገቡት። ከሸዋ ሮቢት ባዶ እጄን ስመለስ ደግሞ የዋሸሁት እኔ ሆንኩ። ለነሱ ንገሩልኝ። እኔ ባለሁበት ንገሩልኝ።»

ያን ዕለት ከሰዓት ሦስታችን ከበር በር ሄድን። ሰብሳቢያችን በየቤቱ ቁጭ ብለው ያንኑ ነገር እንደ አዲስ ተናገሩ፦ እኚህ ሰው የሰሙትን ነው የነገሯችሁ፣ ጥፋቱ የኛ ነው፣ የሚሉትን ሳናውቅ በስማችን ሰው ያስደወልነው እኛ ነን። አንዱ ጎረቤት፣ «እኛስ ድሮም እሳቸውን አልጠረጠርንም» አለ፤ ሽማግሌው ግን ያን ሲሰሙ ከፊታቸው ላይ አንድ ነገር እንደወረደ አየሁ፤ መጠርጠራቸውን ያውቁት ነበር።

ማህበራችን ዛሬ ደዋዮቹን ከመቅጠራችን በፊት ከነበረውም ያንሳል። መኪናውን ከሌላ ማህበር ጋር እየተጋራን እንከራያለን፤ ሰዓት አያከብሩም፣ እንጨቃጨቃለን፣ ግን ይሞላል። ሰብሳቢያችን ሥልጣኑን ለቀዋል፤ ደከመኝ ነው ያሉት። እትዬ ባሉበት የስልኩ ነገር ተነስቶ አያውቅም፤ እሳቸውም «አላልኩም ነበር?» የሚል ቃል አንድ ቀን አልወጣቸውም።

ወደ ሰሜን ስሄድ አጣዬ ላይ ወርጄ ሽማግሌውን ሰላም እላለሁ። ማህበሩ ውስጥ አልገቡም፣ እኔም አላነሳባቸውም። ባለፈው ስደርስ አሮጌው ቦታቸው ላይ ግድግዳው ቆሞ ጭቃ ይመረግ ነበር። ባለቤታቸው እጃቸው ጭቃ ሆኖ ስለነበር ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፤ ክንዳቸውን ይዤ ሰላም አልኳቸው። «አልሀምዱሊላህ፣ ክረምት ሳይገባ እንደርሳለን» አሉኝ።