ጠረጴዛውን መትቼ ያለፍኩበት እሁድ

ትናንት እዚህ ጣሊያን፣ ፒኜቶ ሰፈር አንድ ባር ውስጥ ካርታ የሚጫወት ጎረምሳ በጣቱ አጥንት ጠረጴዛውን ሁለቴ ኳ ኳ አደረገ። ተራውን ማለፉ ነው፤ ምንም አላስያዘም። ድምፁን ስሰማ ማሞቂያ ላይ የሚደርቅ የመንደሪን ልጣጭ ሸተተኝ።

ከዓመታት በፊት፣ ሰላም ፓላስ በሚባለው የስደተኞች ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል የምንኖረው ሦስት ነበርን፦ አገር ቤት መምህር የነበሩት ጋሼ፣ አንድ ሹፌር የነበረ ሰው፣ የሃያ ሁለት ዓመቱ እኔ። ሦስታችንም የሥራ ኮንትራት አጥተን ፔርሜሶ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃዳችንን ማሳደስ አልቻልንም። አንድ እሁድ ከሰዓት አንዲት መነኩሲት ወረቀት ይዘው መጡ። አንድ በሽተኛ ሽማግሌ ጣሊያናዊ የሚጦር ሰው ይፈለጋል፤ መኝታም ኮንትራትም አለው።

«ለአንድ ሰው ነው፤ እናንተው ተስማሙ» ብለው ሄዱ።

መቼ ተስማምተን እናውቃለን! ወረቀቱን መሃል አስቀምጠን ፖከር ጀመርን። ገንዘብ ስላልነበረን በደረቅ ባቄላ ነው፤ ባቄላውን ሁሉ የሰበሰበ ሥራውን ይወስዳል።

እኔ ምንም ልያዝ ምንም፣ ባቄላዬን ወደ መሃል መግፋት ነበር የማውቀው። ጋሼ ሁሌ ይቆጡኝ ነበር። «መካከለኛ ካርታ ይዘህ አትግፋ። ደካማው ይሸሽሃል፣ የሚበልጥህ ብቻ ይከተልሃል። ምታና እለፍ፤ ያኔ ውሸታሙ ራሱ ይመጣልሃል።»

ሹፌሩ ባቄላው ቶሎ አለቀበትና አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ያላግጥብኝ ጀመር። «አንተ ልጅ ዛሬም ፍሬን የለህም!»

መጨረሻ ላይ ሁለት ጃክ ያዝኩ። የሚያኮራ አይደለም፣ የሚጣልም አይደለም። እጄ ሊገፋ ተነሳና መለስኩት። ጠረጴዛውን ሁለቴ መታሁ። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ሁሌ የሚገፋው ሰው ካለፈ ባዶ ነው ብለው የቀራቸውን ባቄላ በሙሉ ገፉት።

«ያስተማሩኝን ረሱት እንዴ ጋሼ?» ብዬ ተከተልኳቸው። ካርታቸው ባዶ ነበር፤ ባቄላው ሁሉ የእኔ ሆነ።

እየሳቁ ወረቀቱን ዘረጉልኝ። «እንካ። የመድኃኒቱም ሰዓት ተጽፏል፤ እያነበብክ ትሰጣቸዋለህ።»

አልተቀበልኩም። «ጋሼ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። በየትኛውም ቋንቋ።»

ሹፌሩ ሳቁን ለቀቀው። «ታዲያ እስካሁን ለምን ስታደርቀን ቆየህ?»

«አንተ፣ አፍህን ዝጋ!» አሉት ጋሼ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አውቅ ነበር እኮ። መቼ ይናገር ይሆን እያልኩ ነበር» አሉኝ።

ደግ ሰው አይደለሁም፤ ለሽማግሌው አዝኜ አልነበረም፤ መድኃኒት አሳስቼ ሰው ገድዬ እንዳልታሰር ፈርቼ ነው። ሥራውን አጥቻለሁና መናደድ ነበረብኝ። የተሰማኝ ግን ሲጫነኝ የኖረ ጠባብ ጫማ ያወለቅኩ ያህል ነው። እግሬን ዘርግቼ መንደሪን ላጥኩና ልጣጩን ማሞቂያው ላይ አሰጣሁት።

ሥራውን ጋሼ ያዙት። እዚህ አገር ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኛ ሁሉ የሚያርፍበት ነው፤ በየሐሙሱ ያን ሰዓት ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ጢም ያበቀልኩትን ሰውዬ ፊደል አስቆጠሩኝ። ፔርሜሶዬ ሁለት ዓመት ዘገየብኝ፤ አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው።

አሁን ጋሼ ቦሎኛ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሐሙስ ሐሙስ እደውላለሁ። ሰላምታውን እንኳ ሳያስጨርሱኝ «አሎራ፣ እሺ፣ ዛሬ ምን ይዘህልኝ መጣህ?» ይላሉ። ያገኘሁትን ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ፤ ስሳሳት ያርሙኛል። ባለፈው ሐሙስ ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ፣ አላረሙኝም። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆናል ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማንበቤን ቀጠልኩ።