ራዲዮ ማታ ማታ ለምን ይጠራል?

ዛሬ ገንዳ ውሃ ከተማ እናቴ ቤት ቁጭ ብለን ልጄ ስልኳን «የሩቅ ራዲዮ ማታ ለምን ይጠራል?» ብላ ጠየቀችው። ወዲያው መለሰላት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሞገዱ ከላይኛው አየር ነጥሮ ሩቅ ይደርሳል።

በደርግ ጊዜ መተማ ላይ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር «ከጎንደር የተማረ ሰው መጥቶላችኋል፣ ያልገባችሁን ጠይቁ» ሲል አባቴ እጁን አውጥቶ ይህንኑ ጠየቀ።

የተማረው ሰውዬ «ለመሆኑ ጓድ፣ ማታ ማታ የማንን ጣቢያ ነው የምትሰማው?» አለው።

አባቴ ከስብሰባው ወደ ቤት አልተመለሰም። የሚሰማው እኮ የሱዳን ዘፈን ነበር።

እናቴ የስልኩን መልስ ሰምታ «በቃ ይኸው ነው?» አለችና ሰሊጧን ማበጠር ቀጠለች።

እኛ ቤት እስከ ዛሬ በስብሰባ እጁን የሚያወጣ የለም። እናንተስ ቤት?