የአያ ቋጥሬ ጎታ

እርጥብ እበት ከአመድ ጋር ሲቦካ የሚሸተው ሽታ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ለእኔ ወንድሜ ታደለ ነው። ሰሞኑን እናቴ የጎታውን አፍ ለመምረግ እበት ስታቦካ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። የበልጉን ገብስ ወቅተን፣ ለዘር የሚሆነውን መርጠን፣ ከጭቃና ከጭድ በተሠራው ጎታ ውስጥ ጨምረን ጨርሰናል። ሽታው መጣ። አላለቀስኩም። ታደለ ካረፈ ወዲህ ማልቀስ አልሆነልኝም። እጁ ብቻ ታየኝ፤ ሰፊው አውራ ጣቱ።

ታደለ በዕድሜ ብዙ ይበልጠኝ ነበር። አባታችን የሞተው እኔ በቅጡ ሳላውቀው ስለሆነ አባት ሲባል የሚታየኝ እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ንፉግ ነገር ነበረበት። የራዲዮኑ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም አይጥለውም፤ የአጥሩ ካብ ላይ ፀሐይ ያሞቀዋል፤ ማታ ራዲዮኑ እየሰለለ ትንሽ ያወራል። አዲስ እርሳስ ሲገዛልኝ በቢላ ለሁለት ይቆርጥና ግማሹን ይደብቅብኛል። የላስቲክ ጫማዬ ሲቀደድ ማጭድ አግሎ ያጣብቀዋል። የተቃጠለው ላስቲክ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ልጆቹ አጠገቤ አይቀመጡም ነበር።

በእኛ አገር አያ ቋጥሬ የሚባለውን ስስታም የማያውቅ ልጅ የለም። ተረት ነው። አያ ቋጥሬ ለነዳያን ጭብጥ ገብስ አይሰጥም። ሚስቱ እንዳትከፍትበት የጎታውን አፍ በእበት መርጎ በአውራ ጣቱ ያትምበታል። ክፉ ዘመን መጣ። ሰው እየተራበ እሱ ጎታውን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ራሱም ሳማ እየቀቀለ በላ፤ በመጨረሻ ጎታው ሙሉ እንደሆነ በረሃብ ሞተ። ያን ጊዜ አገሬው ጎታውን ሰብሮ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ተዝካሩን በላለት። «አያ ቋጥሬ ሞቶ ደግ ሆነ» አሉ። ተረቱ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ሰው ሁሉ ይስቃል።

ታደለ ሞላሌ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር የሥነ ዜጋ መምህሩ ይህንን ተረት ለክርክር ሰጡ። አርብ ከሰዓት ነው፤ ባሕር ዛፉ ሥር። እኔ ከአጥሩ ማዶ ካለው አንደኛ ደረጃ ተለቅቄ እሱን እየጠበቅሁ ነበር።

«አያ ቋጥሬ ዛሬ ቢኖር ምን ይባላል?» አሉ መምህሩ።

አንዱ ተነሣና ሰው እየተራበ እህል መደበቅ ወንጀል ነው፣ ሀብት በፍትሕ መከፋፈል አለበት አለ። ሌላው ደግሞ ሠርቶ ያገኘው የግል ንብረቱ ነው፣ ማንም ሊነካበት መብት የለውም አለ። አንዲት ልጅ ብድግ ብላ፣ «ሚስቱስ? አብራው አርማ አብራው አጭዳ፣ ጣቱን እየፈራች ሳማ ስትበላ የእሷ መብት የት ገባ?» ስትል ሴቶቹ አጨበጨቡ። ዘበኛው ዱላቸውን ተደግፈው ከበሩ ላይ፣ «በእኛ ጊዜ ቢሆን እሱም ጎታውም ይወረሱ ነበር!» ብለው ጮኹ። መምህሩም ሳቁ።

ታደለ እጁን አወጣ። «ተረቱ የት ላይ ነው የሚያልቀው?»

«ተዝካሩ ላይ ነዋ!» አሉ ልጆቹ።

«በማግስቱስ?»

ታደለ ራሱ ቀጠለ።

«ጎታው ውስጥ የዘሩም ገብስ ነበር። ሁሉንም ጠጡት። በበልግ ምን ዘሩ? ሰውየው ደግ ነው አላልኩም። ሚስቱን ማስራቡ ግፍ ነው። ግን ስለ ሕዝብ መብት ከተነጋገርን፣ ገና ላልተወለደውም የሚከራከርለት ሰው ይኑር እንጂ።»

«ወይ ጉድ! ቋጥሬ ራሱ መጣ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ስሙ በዚያው ቀረ። ታደለ ቋጥሬ። ገበያ ላይ ሳይቀር ይጠሩታል፤ አቤት ይላል። ትምህርቱን ትቶ እርሻውን ሲይዝ፣ በየዓመቱ ጎታውን ከመረገ በኋላ እርጥቡ እበት ላይ በአውራ ጣቱ ይጫንና ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንግዲህ ብትሰርቀኝ አውቅሃለሁ» ይለኛል። ቀልድ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ውርጭ መኸሩን መታው። ለዘር ብቻ የሚሆን ተረፈን። እሷን ከትቶ፣ መርጎ፣ አተመ። ብዙም ሳይቆይ ሆዴን አለ። ወደ ደብረ ብርሃን ይዘነው ስንሄድ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። መንገድ ላይ አረፈ። ሹፌሩ መኪናውን ዳር አስያዘና ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ወዲያ ያለው ብዙ አይታወሰኝም።

አርባው ሲቃረብ የአባታችን ወንድም አያ ደምሴ ሽማግሌ ይዘው መጡ።

«ጠላው መቼ ይጠመቅ?» አሉ።

«በምን ገብስ?» አለች እናቴ።

አያ ደምሴ ጎታውን በዱላቸው አመለከቱ። «እንዲህ ያለ ልጅ ሞቶ ገብስ ልትሰስቺ ነው? ለእሱ ያልፈሰሰ ለማን ሊፈስ?»

እናቴ ተነሥታ ጎታው አጠገብ ቆመች። እጇን የእበቱ ምርጊት ላይ አደረገች። «ይኸ የልጄ ጣት ነው። አላስነካም» አለች።

አርባው ደረሰ፤ ካህናቱ ፍትሐት አደረሱለት። ንፍሮ ብቻ ተበላ። ሰው ቶሎ ተበተነ። ሲወጡ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፣ «ቋጥሬስ ሞቶም ደግ አልሆነ» ስትል ሰማኋት። መናደድ ነበረብኝ። ምንም አልተሰማኝም።

የካቲት ላይ የበልግ ዝናብ ጣለ። ጎረቤቱ ሁሉ ጠመደ። እኔ በሬዎቹን ይዤ ደጃፍ ላይ ቆምኩ፤ እናቴ ጎታው ሥር ተቀምጣለች።

«ዘሩን ላውጣ፣ እማ።»

«ተወው። መሬቱ ዘንድሮ ጦሙን ይደር።»

«ጎረቤቱ ሁሉ እየዘራ ነው።»

«ይዝሩ። እኔ ጣቱን አላፈርስም አልኩህ። ከእሱ ሌላ ምን ቀረኝ?»

እኔ እንደ ታደለ መከራከር አልችልበትም። አፌ ይተሳሰራል። በግ እየሸጥን ነበር የምንሸምተው፤ በጎቹም እያለቁ ነው። ይኽንን ልላት ፈለግሁ። የወጣልኝ ግን ሌላ ነው።

«በማግስቱስ፣ እማ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ማጭዱን ከግድግዳው አውርዳ ሰጠችኝ። «ቀስ ብለህ» አለች፤ «እንዳይሰነጠቅ።»

በጣቱ ምልክት ዙሪያ በማጭዱ ጫፍ ቆረጥኩ። እበቱ ደርቆ እንደ ሸክላ ሆኖ ነበር። ሳይሰነጠቅ ወጣ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ተቀበለችኝ። ክዳኑን ሳነሣ የገብሱ አቧራ ፊቴ ላይ ቦነነ። ያን ቀን እስኪመሽ ዘራሁ።

ቁራጩ አሁን መደርደሪያው ላይ ነው፤ ከደከሙት የባትሪ ድንጋዮች አጠገብ። የታደለ ነገር ስለሆኑ እነሱንም አልጣልናቸውም።

ሰሞኑን እናቴ ጎታውን መርጋ ስትጨርስ እጇን በአመድ አሸችና ገለል አለችልኝ።

«አትም እንጂ፣ ቋጥሬ» አለች።

በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። እበቱ ቀዝቃዛ ነበር። ሲደርቅ ቁራጩን ከመደርደሪያው አውርጄ አስጠግቼ አየሁት። የእኔ ጣት ከእሱ ያንሳል።